አንድ እጩ፣ አራት ስልክ

  

በዚህ አምድ ስለ ምግብ፣ ስለ ልጅ ማሳደግና ስለ ስደት ኑሮ እንጂ ስለ ፖለቲካ ጽፌ አላውቅም። ምክንያቴ ግልጽ ነው። ምግብ ቤቴ ውስጥ የሁሉም ወገን ሰው ይበላል። አንዱ ጠረጴዛ ላይ የዲሞክራት ደጋፊ፣ አጠገቡ የሪፐብሊካን ደጋፊ፣ ጥግ ላይ ደግሞ "ሁለቱም ያው ናቸው" የሚል ሰው ቡናውን ይጠጣል። እኔ ለሦስቱም ሽሮ አቀርባለሁ፣ ከሦስቱም ጋር እጫወታለሁ፣ ከሦስቱም ሂሳብ እቀበላለሁ። ዛሬም ማንን ምረጡ ልላችሁ አይደለም። የማወራችሁ ስለ ስልካችን ነው።

ነገሩን ያስጀመረኝ ወጥ ቤታችን ውስጥ የሆነ ነገር ነው። እንጀራ የሚጋግሩልን እናት አሉ፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ልጃቸው ነው ያመጣቸው፤ ግሪን ካርድ ካገኙ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። አንድ ማክሰኞ የምሳ ግርግር ካለፈ በኋላ፣ ሊጥ እንዳይነካው ስልካቸውን በሁለት ጣት አንጠልጥለው ወደ እኔ መጡ።

"ወንድሜ፣ እስቲ ይቺን እያት። መንግሥት ለምን አልተመዘገብሽም ያለኝ ይመስለኛል። ቅጣት አለው እንዴ?"

አየሁት። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቴክስት ነው። የሚጀምረው በእሳቸው ስም ሳይሆን በማናውቀው ሰው ስም ነው፤ ቁጥሩ ድሮ የሌላ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ሐሳቡ ባጭሩ "በመዝገባችን መሠረት ለምርጫ አልተመዘገቡም፤ ቀኑ ሊያልፍ ነው፤ አሁኑኑ እዚህ ይጫኑ" የሚል ነው። እትዬ ተጭነውታል። ስማቸውን ሞልተዋል፣ አድራሻቸውን ሞልተዋል። የቆሙት "የአሜሪካ ዜጋ ነዎት?" የሚለው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ፣ እሱም ቃሉ ስላልገባቸው ብቻ ነው። "አዎ የሚለውን ልንካው?" አሉኝ።

ልቤ ድንግጥ አለ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌደራል ምርጫ ድምፅ መስጠት በሕግ ክልክል ነው። ዜጋ ሳይሆኑ "ዜጋ ነኝ" ብሎ መፈረም ደግሞ ወደፊት የሚገባውን የዜግነት ማመልከቻ ሊያበላሽ፣ ሲብስም ከአገር እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል። ልጃቸው ስንት ዓመት ደክሞ ያመጣቸው እናት፣ በአንዲት ሳጥን ምክንያት ጉድ ሊሆኑ ነበር።

መልእክቱን የላከው ሰው ክፉ ነው ብዬ አላስብም። ሰው እንዲመርጥ ማበረታታት በጎ ሥራ ነው። ግን ላኪው እትዬን አያውቃቸውም። የሚያውቀው ቁጥራቸውን ብቻ ነው።

ለመሆኑ የምርጫ ቀስቃሾች ቁጥራችንን ከየት ያመጡታል? ይህን ሥራ እኔ ከውስጥ ትንሽ አውቀዋለሁ፤ ፖለቲከኛ ስለሆንኩ ሳይሆን ነጋዴ ስለሆንኩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሴት ልጄ "አባዬ፣ በራሪ ወረቀት ማደል ይብቃህ" ብላ ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያ እንዴት እንደሚገዛ አሳየችኝ። ገረመኝ። "ከምግብ ቤቴ 10 ማይል ዙሪያ ላለ ሰው ብቻ አሳይልኝ" ማለት ይቻላል። የደንበኞቼን የኢሜይልና የስልክ ዝርዝር ስሰጠው፣ ፌስቡክ እነሱን ለቅሞ ያገኛቸዋል። ይባስ ብሎ "እነዚህን የሚመስሉ ሌሎች ሰዎችም ልፈልግልህ?" ይላል።

ያኔ ሁለት ማስታወቂያ ሠራን። አንደኛው ለሐበሻ ነው፤ "የጾም በያይነቱ፣ ረቡዕና ዓርብ" ይላል። ሁለተኛው ለፈረንጅ ነው፤ በእንግሊዝኛ "ቪጋን፣ ለጤና የሚስማማ፣ በእጅ የሚበላ" ይላል። ሐበሻው ቪጋን የሚለውን አላየም፣ ፈረንጁም ጾም የሚለውን አላየም። ሁለቱም መጡ። የበሉት ግን ከአንድ ድስት የወጣ ምስር ነው።

ፓርቲዎች የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ ገንዘባቸውና መረጃቸው ግን ከእኔ ጋር አይወዳደርም። መነሻቸው የመራጮች መዝገብ ነው። ስማችሁና አድራሻችሁ፣ በየትኛው ምርጫ ወጥታችሁ ድምፅ እንደሰጣችሁ እዚያ ላይ አለ። ማንን እንደመረጣችሁ ግን የለም፤ እሱ ምስጢር ነው፣ ማንም አያየውም። በዚህ በእኛ በቨርጂኒያ መዝገቡ ላይ የፓርቲ አባልነት እንኳ አይጻፍም። ስለዚህ ፓርቲዎቹ መገመት አለባቸው። ለግምቱ የሚረዳቸውን ነገር ከመረጃ ነጋዴዎች ይገዛሉ፤ ዕድሜ፣ የቤት ባለቤት ወይስ ተከራይ፣ ምን እንደምንገዛ፣ ስልክ ቁጥር። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው ነጥብ ይሰጡታል። ይህ ሰው ይደግፈናል? ወጥቶስ ይመርጣል? መልእክት የሚላክልን በዚያ ነጥብ መሠረት ነው።

ደንበኞቼ እንዳይቀየሙኝ ከሁለቱም ፓርቲ ምሳሌ ልስጥ።

በ2007 መጨረሻ ላይ የኦባማ የምርጫ ዘመቻ ሰዎች ድረ ገጻቸውን እንዲህ ፈተኑት። አራት ዓይነት ቁልፍና ስድስት ዓይነት ፎቶና ቪዲዮ አዘጋጁ፤ በድምሩ 24 ዓይነት ገጽ ማለት ነው። ለአንዱ ጎብኚ አንዱን፣ ለሌላው ሌላውን እያሳዩ ማን ኢሜይሉን እንደሚሰጥ ቆጠሩ። ሠራተኞቹ ቪዲዮው ያሸንፋል ብለው ነበር። ያሸነፈው ኦባማ ከሚስታቸውና ከልጆቻቸው ጋር የተነሱት ፎቶ ሆነ። በቁልፉም በኩል "ተመዝገቡ" ከሚለው ይልቅ "የበለጠ ይወቁ" የሚለው በለጠ። በ2008 ኦገስት ደግሞ ጆ ባይደን ምክትል ሆነው መመረጣቸውን ለደጋፊዎቻቸው በቴክስት ነገሯቸው። ሰዉ ዜናውን ቀድሞ ለመስማት ብሎ ስልክ ቁጥሩን ሰጥቶ ነበር። ዋናው ትርፍ ዜናው ሳይሆን ያ ሁሉ ስልክ ቁጥር ነው። በ2012 ደግሞ ገንዘብ መለመኛ ኢሜይሎችን ርዕስ እየቀያየሩ ሞከሩ። "ተፎካካሪዬ ከእኔ የበለጠ ገንዘብ ሊያወጣ ነው" የሚል መንፈስ ያለው አንድ ኢሜይል ብቻውን ከ2.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ አመጣ።

በ2016 የትራምፕ ዘመቻ ተራ ነበር። የዲጂታል ሥራውን ይመራ የነበረው ብራድ ፓርስኬል በ2017 ለሲቢኤስ ቴሌቪዥን እንደተናገረው፣ በቀን ከ50 እስከ 60 ሺህ የሚደርስ የተለያየ የፌስቡክ ማስታወቂያ ያወጡ ነበር። 60 ሺህ ሐሳብ ነበራቸው ማለት አይደለም። አንዱን ሐሳብ ቀለሙን፣ ፎቶውን፣ ቁልፉን፣ ቃሉን እየለወጡ፣ ሰው የነካውን ማስቀረት፣ ያልነካውን መጣል ነው። የፌስቡክ ሠራተኞችም ቢሯቸው ድረስ መጥተው እንደሚያግዟቸው ተናግሯል። እኔ ማስታወቂያዬ ሲበላሽብኝ የሚያናግረኝ ሰው አላገኘሁም፤ ይሁን፣ ገንዘቤ ትንሽ ነው።

በ2018 ደግሞ ካምብሪጅ አናሊቲካ የሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት ጉድ ወጣ። ሰዎች ፌስቡክ ላይ አንድ የጠባይ መጠይቅ ሞሉ። መጠይቁን የሞሉት ጥቂት መቶ ሺዎች ሲሆኑ፣ የጓደኞቻቸውም መረጃ አብሮ ስለተወሰደ እስከ 87 ሚሊዮን ሰው የሚደርስ መረጃ ለፖለቲካ ሥራ እጅ ገባ። በ2019 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ፌስቡክን 5 ቢሊዮን ዶላር ቀጣው። ያ መረጃ የምርጫ ውጤት ለውጧል ወይ በሚለው ላይ ባለሙያዎቹ ዛሬም ይከራከራሉ። ለእኛ ትምህርቱ ሌላ ነው፤ የአንድ ሰው ጨዋታ የሌላውን ጓዳ ሊከፍት ይችላል። "የትኛው እንስሳ ነህ?" የሚል መጠይቅ ሲመጣላችሁ ይህን አስታውሱ።

አሁን ወደ ቤቴ ላምጣችሁ። እሑድ ማታ ምግብ ቤቱ ቶሎ ስለሚዘጋ አራታችንም አንድ ላይ እንበላለን። ከእትዬ ነገር በኋላ አንድ እሑድ "እስቲ ሁላችሁም ስልካችሁን አውጡ" አልኩ። ወትሮ ስልክ አስቀምጡ እያልኩ የምጮኸው ሰውዬ ነኝና ልጆቹ ሳቁብኝ። በዚያ ሰሞን በአካባቢያችን የሚወዳደር አንድ እጩ ነበር። ስለዚህ እጩ በሳምንቱ ምን እንዳየን በየተራ ተናገርን።

እኔ ያየሁት ሰውዬው አንድ ትንሽ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ስለ ታክስ ሲናገር ነው። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ለእሷ የመጣው ስለ መድኃኒት ዋጋና ስለ ሆስፒታል ሠራተኛ ነው። ሴት ልጄ ኮሌጅ ናት፤ ለእሷ ስለ ትምህርት ክፍያ ነው። የ15 ዓመቱ ልጄ ምንም ማስታወቂያ አላየሁም አለ። ግን ሰውዬውን ያውቀዋል! ጌም እየተጫወተ ቪዲዮ የሚሠራ አንድ ወጣት ጋብዞት ሲሳሳቁ አይቷል። "አሪፍ ሰውዬ ነው" አለን። ስለ ምን እንዳወሩ ስጠይቀው ትዝ አላለውም።

አንድ እጩ ነው፤ ለአራታችን አራት ሰው ሆኖ መጣ።

መጀመሪያ "ታዲያ ምን ችግር አለው? እኔስ በያይነቱን በሁለት ስም ሸጬ የለ?" ብዬ ነበር። ሴት ልጄ ግን ጥሩ ጥያቄ አነሳች። "ለአባዬ ታክስ እቀንሳለሁ ካለ፣ ለእኔ የትምህርት ክፍያ እቀንሳለሁ ካለ፣ ለእማዬም ሆስፒታሉን እረዳለሁ ካለ፣ ገንዘቡ ከየት ነው የሚመጣው?" ይህንን ጥያቄ ማናችንም ብቻችንን ሆነን ልንጠይቀው አንችልም ነበር። ለየብቻ ያየነው ነገር እያንዳንዱ ጥሩ ነው። ጥያቄው የመጣው አራቱ ስልክ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ነው።

ልዩነቱ የገባኝ ያኔ ነው። ሐበሻውም ፈረንጁም ወደ እኔ ቤት ሲመጡ ድስቱ አንድ ነው፤ ካልጣማቸው ፊት ለፊት ይነግሩኛል፣ አንዱ የሌላውን ትሪ ያያል። ፖለቲከኛው ድሮ አደባባይ ላይ ወጥቶ ሲናገር እንዲሁ ነበር፤ ገበሬውም ነጋዴውም አንድ ቃል ይሰማሉ፤ ከዋሸ አጠገብ የቆመው ሰው "ትናንት ሌላ ብለህ ነበር" ይለዋል። አሁን ለየሰዉ በየኪሱ ነው የሚያንሾካሹከው። ጎረቤቴ ምን እንደተነገረው እኔ አላውቅም፣ እሱም የእኔን አያውቅም። ከዚያ እንገናኝና "አንተ እንዴት ይህንን ሰው ትደግፋለህ?" እየተባባልን እንጣላለን። የተጣላነው ግን ስለ ሁለት የተለያየ ሰው ነው።

እኔም ከዚህ ጉድ አላመለጥኩም። አንድ ምሽት ሱቅ ዘግቼ ደክሞኝ ተቀምጬ "እኩለ ሌሊት ሳይሞላ 15 ዶላር ብቻ" የሚል መልእክት መጣልኝ። ስሜ ተጠርቷል፣ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቆጥራል። አሳዘነኝና ከፈልኩ። ከአምስት ወር በኋላ የባንክ ወረቀቴን ሳገላብጥ በየወሩ 15 ዶላር ሲቆረጥ አየሁ። ክፍያው ገጽ ላይ "በየወሩ ይቀጥል" የሚል ሳጥን ነበረ፤ ምልክቱን ቀድመው አድርገውልኝ ነበር። እኔ የሰው ሂሳብ ስደምር የምውለው ሰው ነኝ! አፍሬ ለባለቤቴ ሳልነግራት ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ፓርቲውን አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ወገን ብቻ አይደለምና። የፌደራል ምርጫ ኮሚሽን ራሱ በ2021 እንዲህ ያለው ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን በሕግ እንዲታገድ ለኮንግረስ በአንድ ድምፅ ሐሳብ አቅርቦ ነበር።

ደግሞ ከጽሑፍ የባሰ አለ። በ2024 ጃንዋሪ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ምርጫው ሁለት ቀን ሲቀረው የብዙ ሰው ስልክ ጮኸ። ሲያነሱት የፕሬዚዳንት ባይደን ድምፅ "ማክሰኞ አትምረጡ፣ ድምፃችሁን ለኖቬምበር አቆዩ" ይላል። ባይደን አልነበሩም። በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተሠራ የሐሰት ድምፅ ነው። ያስደወለው የፖለቲካ አማካሪ በኋላ 6 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽኑም በዚያው በፌብሩዋሪ በሐሰተኛ ድምፅ የሚደረግ የማሽን ጥሪ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወሰነ። እኛ አባቶቻችን "ድምፁን ሰምቼዋለሁ" ካሉ በቃ ነበር፤ ምስክር ነው። ዛሬ ድምፅ መስማት ብቻውን አይበቃም።

ሁሉን አጨልሜ ማለፍ አልፈልግም። እኔ ዜጋ ከሆንኩ በኋላ የመጀመሪያዬን ድምፅ ስሰጥ፣ የምመርጥበት ትምህርት ቤት የት እንደሆነ የነገረኝ ቴክስት ነው። ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ ገንዘብ የሌለው አዲስ እጩ ዛሬ በስልኩ ብቻ ሰው ሊያገኝ ይችላል። በአማርኛ የተጻፈ የቅስቀሳ መልእክት ሲመጣልኝም ደስ ይለኛል፤ ከመረሳት መለመን ይሻላል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች አዲስ የግልጽነት ሕግ ሲመጣ ሜታና ጉግል ከ2025 ኦክቶበር ጀምሮ የፖለቲካ ማስታወቂያ መሸጥ አቁመዋል። እዚህ አሜሪካ ግን ገበያው ክፍት ነው፤ መጠንቀቅ የእኛ ፈንታ ነው። እኔ ቤት የያዝነውን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ዜጋ ያልሆናችሁ፣ ማንም በቴክስት ቢልክላችሁ የመራጭነት ቅጽ አትሙሉ። ከመንግሥት የመጣ ትእዛዝ አይደለም፣ አለመመዝገባችሁም ቅጣት የለውም። እናትና አባት ያላችሁ ልጆች ዛሬውኑ ደውላችሁ ንገሯቸው። በስህተት ሞልታችሁ ከሆነ ደግሞ ዝም አትበሉ፤ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

ሁለተኛ፣ ምርጫው መቼና የት እንደሆነ የሚነግራችሁ የክፍለ ግዛታችሁ ወይም የካውንቲያችሁ የምርጫ ቢሮ ብቻ ይሁን። በቴክስት ወይም በቴሌግራም የመጣውን ቀን እዚያ አመሳክሩ።

ሦስተኛ፣ ገንዘብ መስጠት መብታችሁ ነው፤ ግሪን ካርድ ያለውም በሕግ መስጠት ይችላል። ሳጥኖቹን ግን አንድ በአንድ አንብቡ። ሰዓት እየቆጠረ የሚያጣድፋችሁን መልእክት እስከ ነገ ጠዋት አሳድሩት። ጠዋትም ካሳመናችሁ ስጡ።

አራተኛ፣ ቴክስቱ ካስቸገራችሁ "ስቶፕ" የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል መልሳችሁ ላኩ። አታላይ ከመሰላችሁ ወደ 7726 አስተላልፉት። የንግድ ጥሪ የሚያስቆመው የፌደራል ዝርዝር የፖለቲካ ጥሪን እንደማይከለክል ግን እወቁ።

አምስተኛ፣ ፌስቡክ ከ2018 ጀምሮ የፖለቲካ ማስታወቂያዎችን ለሕዝብ ክፍት በሆነ ማኅደር ያስቀምጣል። የእጩውን ስም ጽፋችሁ ለሌላው ሰው ምን እንደሚል ማየት ትችላላችሁ። ልጆቻችሁ በሁለት ደቂቃ ያሳዩዋችኋል።

ስድስተኛውና ለእኔ ዋናው፣ በሳምንት አንድ ቀን ስልካችሁን አንድ ጠረጴዛ ላይ አኑሩና ምን አያችሁ ተባባሉ። "ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር" ይባል የለ? መላው የሚገኘው አብሮ ሲበላ ነው።

እትዬን ረስቼ እንዳይመስላችሁ። ያን ቀን ቅጹን ዘጋሁላቸውና ነገሩን አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ፣ ከዚያ ወደ ምጣዳቸው ተመለሱ። ትንሽ ቆይተው ከወጥ ቤት ጠሩኝ።

"አምስት ዓመት ሲሞላኝ ለዜግነት አመለክታለሁ አይደል?"

"አዎ እትዬ፣ ሁለት ዓመት ቀረዎት።"

"እንግዲያው የዚያን ጊዜ እኔው ራሴ እነካዋለሁ። እስከዚያ ልጅህ ጥያቄውን ማንበብ ታስተምረኝ።"

ልጄ እሑድ እሑድ እያስተማረቻቸው ነው። በምላሹም እንጀራ መጋገር እያስተማሯት ነው፤ እስካሁን እትዬ ይበልጣሉ።

እስከሚቀጥለው ወር ቸር እንሰንብት።